ከነደንበኛው ተሸጠ

በ2003 ዓ.ም. መንግሥት የሐረርና የበደሌ ቢራ ፋብሪካዎችን በ163 ሚሊዮን ዶላር ለሃይነከን ሲሸጥ ዋጃ ውስጥ ምሳውን የተወ ሰው አልነበረም። በዓመቱ ሜታ በ225 ሚሊዮን ዶላር ለዲያጆ ሲሄድም እንዲሁ። አሥር ዓመት ቆይቶ ዲያጆ ራሱ ሜታን ለካስቴል ሲያስረክብ ደግሞ የሰማም የለ። ለምን ይሰማል? ቢራው ከዚያው ሳጥን ይወጣል፣ እዚያው ለብ ያለ ፍሪጅ ውስጥ ይገባል፣ ክዳኑን በጥርሱ የሚነቅለውም ያው ልጅ ነው።

"እትዬ ቤት ተሸጠ" የተባለ ዕለት ግን ከወልድያ እስከ ኮረም ስልክ ያልደወለ ሾፌር አልተገኘም።

"ለማን?"

"ለአንድ ልጅ።"

"የማን ልጅ?"

"እኔ እንጃ፤ የደሴ ልጅ ነው አሉ።"

"የደሴ! በቃ፣ አለቀልን።"

ደሴ ምን እንደበደለችን አንድዬ ይወቀው። በኋላ ሲጣራ ልጁ የወልድያ ሆኖ ተገኘ፤ ፍርሃቱ ግን አልቀነሰም። "የወልድያ ከሆነማ ይብሳል" ያሉም ነበሩ።

ዋጃን ለማያውቅ፣ ከወልድያ ተነስቶ ቆቦን አልፎ ወደ አላማጣ የሚሄድ መንገደኛ ሜዳው ላይ የሚያገኛት ከተማ ናት። በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ በኩል የደጋው ግድግዳ፣ መሐሉ ማሽላና ጤፍ፣ ከላይ ደግሞ ማንንም የማትምር ፀሐይ። ከተማዋ ማኅተም ሲቀያየርባት የኖረች ናት። በጃንሆይም በደርግም ጊዜ ወሎ ውስጥ ራያና ቆቦ አውራጃ ትባል ነበር፤ በኢሕአዴግ ጊዜ ወደ ትግራይ ክልል ሄደች፤ ከ2013 ወዲህ ያለው እናንተም እኔም በሬዲዮ የምንሰማው ነው። የመሥሪያ ቤቶቻችን ሰሌዳ ስንት ጊዜ እንደወረደና እንደወጣ ሰሌዳ ጸሐፊው ይቁጠረው። በዚህ ሁሉ መሐል ያልተቀየረው የእትዬ ሰሌዳ ብቻ ነበር። እሱም ያልተቀየረው የሚያነበው ስለሌለ ነው። በአንድ የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ሥር በቀይ ቀለም የቤቱ ስም ተጽፎ ነበር አሉ፤ ፀሐዩ ፊደሎቹን ተራ በተራ በልቷቸው "ግብ ቤት" የሚለው ብቻ ቀርቷል። የፊተኛዋ "ም" እንኳ ሄዳለች።

ቤቱ የሚታወቀው በባለቤቷ ነው። ባለቤቷን ደግሞ ከእሷ የሚበልጡ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ "እትዬ" ይሏታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት ቀበሌውና ገቢዎች ብቻ ይመስሉኛል።

አንድ ምግብ ቤት ዝነኛ የሚሆነው በምግቡ ነው የሚል ሰው መንገድ ላይ በልቶ አያውቅም። የመንገድ ላይ ምግብ ቤት ዝናውን የሚያገኘው ቀጥሎ ከሚመጣው መንገድ ነው። ከእትዬ ቤት ቀጥሎ የሚመጣው ግራካህሱ ነው። አላማጣን እንደወጡ መንገዱ ሜዳነቱን ይረሳና ወደ ኮረም ሽቅብ ይጀምራል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የጠረበው መንገድ ነው፤ መጠምዘዣው መጠምዘዣ እየወለደ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ያወጣዎታል። ታች በላብ የራሰው ሸሚዝ፣ ላይ ሲደርስ በብርድ ይደርቃል። ፈረንጅ ገርዓልታ ላይ በገመድ የሚንጠለጠለው፣ ራስ ዳሽን ለመውጣት ደባርቅ ላይ በቅሎ የሚከራየው ለመዝናናት ነው፤ ከፍሎ ነው የሚደክመው። የእኛ ሰው ተራራ የሚወጣው 400 ኩንታል ጭኖ፣ ከኋላ ተሳቢ ጎትቶ፣ ከጎኑ የሚያንቀላፋ ረዳት አስቀምጦ ነው። ፎቶም አይነሣም። ሁለቱም ግን ከመውጣታቸው በፊት መብላት አለባቸው፤ ምን እንደሚበሉ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ያስፈልጋቸዋል።

እትዬ ያንን ታውቅ ነበር። ደንበኛ ገብቶ ወንበር ሲስብ "ምን ልታዘዝ" ብላ አታውቅም። የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው።

"ወጪ ነህ ወራጅ?"

ወጪ ከሆንክ ደረቅ ጥብስ፣ ቃሪያ በጎን፣ እንጀራ ሁለት፣ ሻይ በዝንጅብል። ወራጅ ከሆንክ፣ ማለት ከኮረም በብርድ ተኮማትረህ የመጣህ እንደሆን፣ ቅቅል። ሽሮ ለወጪ አይሰጥም፤ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ዕለቱ ረቡዕ ቢሆን እንኳ። ለጾመኛ ወጪ የምትሰጠው ድንች በቃሪያ ነው። ምክንያቱን የጠየቃት ሰው ካለ "ሦስተኛው መጠምዘዣ ላይ ይነግርሃል" ትለዋለች። የአውቶቡስ ረዳቶች ለተሳፋሪ የሚያድሉትን ፌስታል ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ፌስታል የማይጨርስ አውቶቡስ ሁሉ እትዬ ቤት ምሳ የበላ አውቶቡስ ነው ይባል ነበር። ሙስሊም ሾፌር ሲመጣ ደግሞ ሥጋውን ከጎረቤት ሙስሊም ቤት ታስመጣለታለች። እንጀራው የእሷ፣ ጥብሱ የጎረቤት፣ ሒሳቡ አንድ ላይ፤ ማታ ሁለቱ ሴቶች ቁጭ ብለው ይካፈላሉ። ይህን አሠራር ማንም አልነደፈላቸውም፣ ማንም አልገመገመውም፤ ለዚህ ይመስለኛል ሳይበላሽ የኖረው።

አንድ ጊዜ ከዞን ለግምገማ የመጣ ኃላፊ ገብቶ ተቀመጠ። "ወጪ ነህ ወራጅ?" አለችው። ሰውየው ነገሩ ፖለቲካ መሰለው። ግራ ቀኙን አየና "እኔ ተቀማጭ ነኝ" አለ። "እንግዲያው ያለው ይቀርብልሃል" አለችና ያለውን አቀረበችለት።

የቤቱ ሕገ መንግሥት ግን ደብተሩ ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ሽፋኑ በዘይት የወዛ፣ እስክሪብቶው በክር የታሰረ። ዱቤ የሚጻፍበት ነው። እትዬ ስም አትጽፍም፤ ስም ሰው ሊክደው ይችላል ብላ ይመስለኛል። የምትጽፈው ሰውየው ሊክደው የማይችለውን ነው። "ጺሙ፣ ሁለት ጥብስ።" "የበግ ነጋዴው ወንድም (ቀጭኑ)፣ አንድ ቅቅል።" "ሲኖትራኩ፣ ጥርሱ የወርቅ።" "መንጃ ፈቃዱን ያስያዘ።" ከእሱ ሥር "መንጃ ፈቃዱን የወሰደ፣ ብሩን ያላመጣ።" አንድ ሙሉ ገጽ ደግሞ "ዓርብ እከፍላለሁ ያለው" ለሚባል ሰው ተሰጥቷል። የትኛው ዓርብ እንደሆነ አልተጻፈም፤ ሰውየውም በዚያ ነው የሚከራከረው።

ከ2013 ጀምሮ ባሉት ክፉ ዓመታት መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሰው ሲሸሽ ሲመለስ ነበር። ሌላው ወርቁን፣ ቆርቆሮውን፣ የቤት ካርታውን ይዞ ሲሄድ እትዬ ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ስትመለስ ምጣዱ የለም፤ ፍሪጁ የለም፤ አግዳሚዎቹ ማገዶ ሆነዋል። ደብተሩ ግን አለ። በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ጺሙ መጣ። የሁለት ጥብሱን ከፈለ፤ ለሦስተኛው "ጻፊብኝ" ብሎ ሄደ። ሰላም መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው የሚል ሰው ከተማው ውስጥ አለ።

እንግዲህ ይህ ቤት ነው የተሸጠው።

ለምን ሸጠች? ይህን ጥያቄ ያልጠየቃት የለም፤ መልሱን የሰማ ግን ጥቂት ነው። እግሯ ነው። በጭስ የቀላ ዓይኗም አለ፤ አዲስ አበባ ያሉ ልጆቿ በየበዓሉ "እማ፣ በቃሽ" ማለታቸውም አለ። እሷ ግን ስትጠየቅ የምትለው ሌላ ነው። "ሠላሳ ዓመት ቆሜ አበላኋችሁ። አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬ ልብላ።"

ይህ በቂ ምክንያት ነው። እኛ ግን ተቀየምን። ተቀያየምን ብል ይሻላል፤ እርስ በርስም መወቃቀስ ጀምረን ነበርና። "አንተ ነህ በዱቤ ያማረርካት" "አንተ ነህ ሁልጊዜ ጨው በዛ የምትል።" ሽማግሌ ይላክ የሚል ሐሳብ ቀረበ። የኮሚቴ ነገር አይታጣም፤ ሰባት ሰው ተመረጠ። ሦስቱ ከደብተሩ ላይ ስማቸው (ጺማቸው ማለቴ ነው) ያለ ናቸው። ሄዱ፣ ቡና ተፈላላቸው፣ ጠጡ፣ ተመለሱ። "ምን አለች?" ሲባሉ "ቡናው ጥሩ ነው" አሉ።

በዚህ መሐል ነው ጡረታ የወጣው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሕጉን ይዞ የመጣው። ይህ ሰው አርባ ዓመት ያህል የሌሎችን ክርክር ሲጽፍ ኖሮ የራሱን ለመናገር ዕድል ያላገኘ ነው። የ1952ቱን የንግድ ሕግ ጠቀሰ፤ በጃንሆይ ጊዜ ወጥቶ፣ ስለ ንግድ መደብር ያለው ክፍሉ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1243 እስኪተካ ድረስ ስድሳ ዓመት የሠራውን። በዚያ ሕግ የንግድ መደብር ማለት ድስትና ጠረጴዛ ብቻ አይደለም። ዋናው ሀብት በእጅ የማይዳሰሰው ነው፤ ዝናው፣ ስሙ፣ ደንበኛው። መደብር ሲሸጥ ይህም አብሮ ይሸጣል። ለዚህም ነው ያ ሕግ ሻጩን ለአምስት ዓመት በዚያው አካባቢ ገዥውን የሚጎዳ ተመሳሳይ ንግድ እንዳይከፍት ይከለክል የነበረው፤ ደንበኛውን ሽጦ መልሶ እንዳይወስድ ነው።

ዝምታ ሆነ።

"ቆይ" አለ አንድ ሾፌር። "እኛም ተሸጠናል ነው የምትለን?"

"በሕግ ቋንቋ አዎ።"

"ስንት?"

"ተለይቶ አልተተመነም። ከድስቱ ጋር ነው።"

ይህን ስሰማ ስለ ራሴ ዋጋ ማሰቤ አልቀረም። በጥሬው ስንት አወጣሁ? ከትልቁ ድስት እበልጣለሁ? ፍሪጁ አዲስ ስለሆነ እሱ እንደሚበልጠኝ አልጠራጠርም። ሕጉ ልክ ነው ብዬ የማምነው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ልጁ ለዚያ ለተቆረጣጠመ ግድግዳና ለስድስት አግዳሚ ያን ሁሉ ብር የከፈለው ለግድግዳው ብሎ አይደለም፤ ሲኖትራክ ሁሉ እዚያ ደጅ ሲደርስ በልማድ ፍሬን እንደሚይዝ ስላየ ነው። የተገዛው የእኛ ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ ባለቤቱ ሳይጠየቅ የሚሸጥ ብቸኛ ንብረት ሳይሆን አይቀርም።

ደንበኛ ራሱን እንደ ባለርስት ማየቱ የዛሬ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን አዲስ አበባ ላይ ሲያስከፍቱ የሸገር ሰው ምግብን በገንዘብ መግዛት ነውር መስሎት አልገባም አለ ይባላል። ሲተረክ እንደኖረው አጼ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው በልተው ከፈሉ፤ መኳንንቱ ደግሞ ይህን ግብር መስሏቸው በሌላ ቀን ራሳቸው መጥተው ከበሉ በኋላ "ሒሳብ" ሲባሉ ደነገጡ። ንጉሥ ባለበት መብላት እንጂ መክፈል የት ይታወቃል! ያ ድንጋጤ አሁንም በውስጣችን አለ ብዬ አምናለሁ። ከፍለን ብንወጣም ልባችን ግን የተጋበዝን ያህል ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ ቤቱ ሲሸጥ "ማን ፈቅዶለት?" እንላለን። የጣይቱ ሆቴል ራሱ ከእቴጌ እጅ ወጥቶ፣ በደርግ ተወርሶ፣ በኋላም ወደ ግል ዞሮ፣ ጥር 3 ቀን 2007 ከፊሉ በእሳት ተቃጥሎም ሰው "ጣይቱ እንገናኝ" መባባሉን አልተወም። እቴጌይቱ ግን ሒሳብ ከተቀበሉ መቶ ዓመት አልፏል።

ላሊበላ ያለው ቤን አበባ የተባለው ምግብ ቤት ደግሞ ለየት ይላል። ስኮትላንዳዊቷ የባልትና መምህርት ሱዛን አይቺሰን ከላሊበላው ሀብታሙ ባዬ ጋር ገደል አፋፍ ላይ የከፈቱት፣ ደረጃው እየተጠማዘዘ ሰማይ የሚነካ የሚመስል ቤት ነው። እዚያ የሚበላውን የስኮትላንድ እረኛ ምግብ፣ የተፈጨ ሥጋ ላይ የድንች ገንፎ የተጋገረበትን ማለቴ ነው፣ አንድ የቆቦ ሰው ቀምሶ ሲመለስ ምን ይመስላል ብንለው "ድንቹ ላይ ነው ወይስ ሥጋው ላይ ነው የሚጀመረው ገና አልወሰንኩም" አለ። ስለ ቤቱ ያጫወተን ግን በምግቡ ጀምሮ አይደለም፤ "አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ አለች" ብሎ ነው። ሰው ቤቱን የሚነግራችሁ በሴትዮዋ በኩል ከሆነ ቤቱን ለመሸጥ አስቸጋሪ ነው። ለመግዛት ደግሞ የበለጠ አስቸጋሪ ነው፤ የእኛ ልጅ ያየውን ይጠይቁት።

ልጁ መጥፎ ልጅ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልበል። ትሁት ነው፣ ማልዶ ይነሣል፣ እጁን ይታጠባል። ችግሩ ሐሳብ አለው። በመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳውን በሴራሚክ ለበጠው። በሁለተኛው የፕላስቲክ አበባ ገባ። በሦስተኛው የእንግሊዝ ኳስ የሚታይበት ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ሾፌሮቹ እሱን ወደዱት፣ አርሰናል ሲሸነፍ ግን ምግቡ ነው የሚወቀሰው። በአራተኛው አዲስ ሰሌዳ ወጣ፤ ማታ ማታ የሚበራ፣ ቀይና አረንጓዴ የሚቀያየር፣ "ኢንተርናሽናል ሬስቶራንት" የሚል። ለዋጃ የሚቀርበው የውጭ አገር ሰው ግራካህሱ ላይ ሞተሩ ግሎበት ውኃ የሚለምን ቱሪስት ነው፤ ለእሱ ታስቦ ከሆነ አልቃወምም።

የዋጋ ዝርዝሩን ከግድግዳ ያወረደ ዕለት ግን ሁላችንም ተሰብስበን አየን። እትዬ ዋጋ ስትጨምር አሮጌውን አትሰርዝም፤ ነጭ ፕላስተር ትለጥፍበትና በላዩ ትጽፋለች። ልጁ በጥፍሩ ያነሣው ጀመር። ሽሮ 150። ተላጠ፤ 120። ተላጠ፤ 80። ይህ ብሩ በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 በፊት ያለው መሆኑ ነው። ከሥሩ 50፤ ከሥሩ 30፤ ከሥሩ 15፤ ከሁሉም በታች፣ ካርቶኑ ላይ በቀጥታ በእስክሪብቶ፣ 6 ብር። አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉና መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት። "በዚህኛው አምጣልኝ" አሉት።

ከዚያ ወጡ መጣ። ወጡ ላይ ነው ጦርነቱ የተነሣው።

ልጁ ቤቱን ከተረከበ ጀምሮ ወጡ ተበላሸ። ይህን የማይል ሰው አላገኘሁም። በርበሬው ሌላ ነው፤ ቅቤው የሱቅ ነው፤ ቅቅሉ ውኃ ነው፤ ጥብሱ ላይ የእትዬ እጅ የለበትም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ተረት በየጠረጴዛው ዞረ። ልጁ ምስኪን ሁሉንም ይሰማል፣ ይቀበላል፣ ይጨነቃል። ከቆቦ ገበያ በርበሬ ሦስት ዓይነት ገዝቶ ሞከረ። ማጉረምረሙ ባሰ።

እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ወጥ ሠሪዋ አልተቀየረችም። ከጓዳ ወጥታ ስለማታውቅ ማንም አያውቃትም እንጂ ድሮም የምትሠራው እሷ ናት። እትዬ እግሯ ከታመመ ወዲህ ለብዙ ዓመት ድስት አማስላ አታውቅም፤ ሥራዋ መቅመስ፣ መቆጣት፣ "ወጪ ነህ ወራጅ" ማለትና መጻፍ ነበር። በርበሬውም ያው ራሷ እትዬ ያስፈጨችው ነው፤ ሁለት ጆንያ ሙሉ አስረክባ ነው የሄደችው። ሴትዮዋ በዚያው ድስት፣ በዚያው በርበሬ፣ በዚያው እጅ የሠራችውን ወጥ ሰው ቀምሶ "ወይ የእትዬ እጅ!" እያለ ያለቅሳል። ጓዳ ገብቼ ይህን ስነግራት ሳቀች። "ድሮም ጨው በዛ ይሉ ነበር፤ ለእሷ ነበር የሚነግሯት፤ እሷ ለእኔ አትነግረኝም" አለችኝ። ማንኪያዋን ጠርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የጎደለ ነገር አልነበረም ማለቴ አይደለም። ልጁ አይጠይቅም። አሳላፊዎቹ በተለበጠ ፕላስቲክ የታተመውን ዝርዝር ያቀርባሉ፤ ሰው ያሻውን ያዛል። ነፃነት ማለት ይህ ነው። በመጀመሪያው ወር ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ ቅጥቅጥ ሙሉ ተሳፋሪ ሽሮ፣ ፓስታና ቀዝቃዛ ሚሪንዳ አዞ በልቶ ወጣ። ግራካህሱ ላይ የሆነውን ረዳቱ ሲተርክ ሰው መሳቁን አቁሞ ያዝን ነበር። ፌስታል አልቆ የራሱን ኮፍያ ሰጠ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ አሳላፊዎቹን ሰብስቦ ምን እንደነገራቸው አልሰማሁም፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ አሳላፊ ሰሌዳ በእጁ ይዞ መጥቶ "ጌታዬ፣ ይቅርታ፣ ወጪ ነዎት ወራጅ?" ማለት ጀመረ። በአንቱታ። አንድ ሾፌር ተናደደ። "እትዬ አንተ ነበር የምትለኝ፤ ይሄ አንቱ ይለኛል፤ አርጅቻለሁ እንዴ?"

ደብተሩስ? እሱ አልተሸጠም። በውሉ ላይ ድስት፣ ምጣድ፣ ፍሪጅ፣ አግዳሚ፣ ጀበናና ረከቦት ሳይቀር በዝርዝር ሲጻፍ ደብተሩ የለም። ሲጠየቅ "ያ የእኔ ነው" አለች፤ ይዛው ወደ ቤቷ ሄደች። ከባለዕዳዎቹ ወገን ይህ እንደ ምሕረት አዋጅ ተቆጥሮ ነበር። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ግን ቤት ቢሸጥም ዕዳ አይሞትም ብሎ ፊታቸውን አጠቆረባቸው። እትዬ ጠዋት ጠዋት በረንዳዋ ላይ ደብተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፤ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ይሰግዳል፣ ጤናዋን ይጠይቃል፣ ከኪሱ አንድ ነገር ያወጣል። ባለ ዓርቡ ሰውዬ ብቻ መንገዱን ቀይሯል፤ በኋላ በር በኩል ነው የሚያልፈው።

ልጁ በበኩሉ ዱቤን አጥፍቷል። ባንኮኒው ላይ "ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይሞክሩ" የሚል ለጥፏል፤ ከጎኑ የቴሌብር ቁጥር አለ። "የለኝም" ማለት እንዲያሳፍር የታሰበ ይመስለኛል፤ ስልክ ያለው ሰው የለኝም ማለት አይችልምና። እኛም ተማርን፤ "ኔትወርክ የለም" ማለት ጀመርን።

እትዬ የመጣችው አንድ ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ነው። ከተሸጠ ወዲህ ደጁን ረግጣው አታውቅም ነበር። ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ ዝም ብላ ገባች። ቤቱ ሙሉ ቆመ። ሹካ የያዘውም አስቀመጠ፤ የኳሱ ድምፅ ተቀነሰ። ልጁ ከባንኮኒው ኋላ እየሮጠ መጣ፤ ወንበር ሳበላት። ተቀመጠች። ሴራሚኩን አየች፤ አበባውን አየች፤ አንዱን ቅጠል በጣቷ ነካ አድርጋ "ውኃ አያስፈልገውማ" አለች። ቅቅል አዘዘች። መጣ። ቀመሰች።

ሁላችንም አፏን ነው የምናየው።

"ጨው በዝቷል" አለች።

ከጓዳው ውስጥ የሴት ሳቅ ተሰማ።

ቅቅሉን ግን ጨረሰች፤ እንጀራም አስጨመረች፤ ቡና ጠጣች። ማንም አልተጣደፈባትም። ልጁ ሒሳብ አላመጣም፤ ሊያመጣም አላሰበም፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "እትዬ፣ በሞቴ፣ ይህ የእርስዎ ቤት ነው" ይላል።

"የእኔማ አይደለም" አለችው። "ሸጬልህ የለ እንዴ? ስንት ነው?"

"እትዬ..."

"ስንት ነው አልኩህ?"

"ሦስት መቶ አርባ።"

ነጠላዋን ዳሰሰች፤ ቦርሳዋን ዳሰሰች፤ ስልኳን አወጣችና አንዴ አይታ መለሰችው።

"ጻፍብኝ" አለችው።

ልጁ ባንኮኒው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየ፤ እሷን አየ፤ ቤቱን ሙሉ የቆመውን ሰው አየ። ከዚያ አሳላፊውን ጠርቶ ከማዶው ሱቅ ባለ 50 ሉክ ደብተር እንዲያመጣ ላከው። እትዬ ደብተሩ እስኪመጣ ሁለተኛ ስኒ አስቀዳች። ሲመጣ ልጁ ከፈተው፤ እስክሪብቶውን ያዘ፤ "ምን ብዬ ልጻፍ?" አላት።

"ጨው የበዛባት ብለህ ጻፍ" አለችው። "ዓርብ እከፍላለሁ።"